ሁለት በትር የጨበጠው ምስል
በአንዲስ ተራሮች የጥንት ሥዕል ከአገር አገር እንዴት ተጓዘ?

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ጽሑፍ የምጀምረው የራሴን ስሕተት በመናገር ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼን ስለ ጥንታዊው የደቡብ አሜሪካ ሥልጣኔ ሳስተምር ሁለት ፎቶግራፎች በክፍሉ ውስጥ አዞርሁላቸው። አንደኛው በፔሩ አገር ቻቪን ከሚባል ሥፍራ የተገኘ የድንጋይ ሐውልት ነው፤ ሁለተኛው በቦሊቪያ በቲዋናኩ የሚገኘው «የፀሐይ በር» ነው። በሁለቱም ላይ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አቅንቶ የቆመ፣ በግራና በቀኝ እጁ ሁለት በትር የጨበጠ፣ ከራሱ ዙሪያ ጨረር የመሰለ ነገር የሚወጣ አንድ ምስል ተቀርጾአል።

አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ጋሼ፣ ሥዕሎቹ አንድ ከሆኑ አገሩም አንድ ነበር ማለት ነውን?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ «አዎን፤ አንደኛው ሕዝብ ሌላውን ድል አድርጎ ገዝቶት መሆን አለበት» አልኋት። በዚህ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠ፣ ብዙ ጊዜ የማይናገር ልጅ ተነሣና «ጋሼ፣ ቅድም እኮ በሁለቱ መካከል ከሺህ ዓመት የበለጠ ጊዜ አለ ብለውናል። የጠፋ መንግሥት እንዴት አድርጎ አገር ይይዛል?» አለ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ መልስ ግን አልነበረኝም። ማታ ቤቴ ገብቼ መጻሕፍት ሳገላብጥ ያገኘሁት ነገር አስደነቀኝ። እኔ በችኮላ የተናገርሁትን ስሕተት ስመ ጥር የሆኑ ሊቃውንትም ለብዙ ዘመን ሲሳሳቱት ኖረዋል። እንዴት እንደ ተሳሳቱና ስሕተቱም እንዴት እንደ ታረመ ለተማሪዎቼ ብቻ ነግሬ ዝም ማለት ስላልወደድሁ ለእርስዎም አቀርበዋለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

በጨለማው ክፍል ውስጥ

የደቡብ አሜሪካን ካርታ ቢመለከቱ በምዕራብ በኩል ከሰሜን እስከ ደቡብ የተዘረጋ ረጅም የተራራ ሰንሰለት ያያሉ፤ አንዲስ ይባላል። በፔሩ በኩል ከተራራው በስተ ምዕራብ ዝናብ የራቀው የባሕር ዳር በረሃ፣ በስተ ምሥራቅ ደግሞ የአማዞን ጥቅጥቅ ያለ ደን ይገኛል። ቻቪን ዴ ዋንታር የተባለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ በነዚህ በሁለቱ መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ በ3,180 ሜትር ከፍታ፣ ሁለት ወንዞች ከሚገናኙበት ሥፍራ ላይ ተሠርቶአል። የተሠራውና እየሰፋ የሄደውም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1200 እስከ 500 ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ቤተ መቅደሱ ከውጭ ሲያዩት ወፍራም የድንጋይ ግንብ ነው። በውስጡ ግን ብርሃን የማይደርስባቸው ጠባብ መተላለፊያዎች እየተጠላለፉ ይሄዳሉ። ከመተላለፊያዎቹ በአንደኛው ጫፍ፣ መስቀለኛ ቅርጽ ባለው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ቁመቱ 4 ሜትር ተኩል ያህል የሆነ የተቀረጸ ድንጋይ ቆሞአል። በስፓኝ ቋንቋ «ላንሶን» ይባላል፤ ትልቅ ጦር ማለት ነው። ምስሉ የሰው አካልና የአውሬ ክራንቻ አለው፤ ጠጕሩ እባብ ነው፤ አንድ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ሌላውን ወደ ታች አውርዷል። ይህ ድንጋይ ዛሬም ጥንት በቆመበት በዚያው ሥፍራ ቆሞ ይገኛል።

እስቲ ራስዎን በዚያ ዘመን እንደ ነበረ ተሳላሚ አድርገው ያስቡ። ከሩቅ አገር ብዙ ቀን በእግርዎ ተጉዘው ደርሰዋል። ካህናቱ ወደ ጨለማው ያስገቡዎታል። ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ የመለከት ድምፅ ግድግዳውን ያናውጠዋል። በ2001 ዓ.ም. አርኬዎሎጂስቶች በዚሁ ቤተ መቅደስ ውስጥ ከትልልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተሠሩ 20 መለከቶች አግኝተዋል። እነዚህ ቀንድ አውጣዎች የሚኖሩት በማዕከላዊው የፔሩ ቀዝቃዛ ባሕር አይደለም፤ ወደ ሰሜን ርቆ በኢኳዶር ጠረፍ ባለው ሞቃት ባሕር ነው። በ2025 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ደግሞ ከቻቪን በተገኙ የአጥንት ቧንቧዎች ውስጥ የትንባሆና ቪልካ የሚባል አእምሮን የሚያሳስት ተክል ርዝራዥ እንደ ተገኘ አስረድቷል። እንግዲህ በጨለማው፣ በመለከቱና በሚሳበው ዱቄት ልቡ የተነካ ተሳላሚ ወደ አገሩ ሲመለስ ያን ባለ ክራንቻ ፊት የሚረሳው ይመስልዎታልን?

ከዚሁ ከቻቪን የተገኘው ሌላው ሐውልት ራይሞንዲ በተባለው ኢጣሊያዊ ሊቅ ስም ይጠራል፤ ቁመቱም ሁለት ሜትር ያህል ነው። ለተማሪዎቼ ያሳየሁት ባለ ሁለት በትር ምስል ያለው በዚህ ላይ ነው። የዚህ ሐውልት ሠሪ ምን ያህል ብልህ እንደ ነበረ ለማወቅ ፎቶግራፉን መገልበጥ ይበቃል። ቀጥ አድርገው ሲይዙት አንድ አስፈሪ አምላክ ረጅም የራስ ጌጥ ደፍቶ ይታያል፤ ሲገለብጡት ግን ያው የራስ ጌጥ አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡ ሌሎች ፊቶች ሆኖ ይገኛል። ተማሪዎቼ ፎቶግራፉን እየገለበጡ ሲያዩ ትምህርቱን ለመቀጠል ተቸግሬ ነበር።

ያለ ጦር የሄደ ሥዕል

የቻቪንን ታላቅነት ለዓለም ያስታወቀው ሁሊዮ ሴሳር ቴዮ የሚባል የፔሩ ተወላጅ ነው። ቴዮ በ1880 ዓ.ም. በዋሮቺሪ ተራሮች ከሕንዶች ቤተ ሰብ ተወለደ፤ ኬችዋ ቋንቋ ተናጋሪ ነበር። በሊማ ሕክምና ከተማረ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄዶ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አንትሮፖሎጂ አጠና። በ1919 ዓ.ም. ወደ ቻቪን ሄዶ ሐውልቶቹን ሲመረምር አንድ ነገር አስተዋለ። በድንጋዩ ላይ የተቀረጹት ጃጓር የሚባለው የነብር ዘመድ፣ ካይማን የሚባለው የአዞ ወገንና ታላላቆቹ እባቦች ሁሉ በቻቪን ብርዳም ሸለቆ የሚኖሩ አይደሉም፤ የቆላው ደን እንስሶች ናቸው። በስሙ በሚጠራው ሐውልት ላይ እንዲያውም እንደ ካሳቫና ኦቾሎኒ ያሉ የቆላ ተክሎች ተቀርጸውበታል።

በዚያ ዘመን ጀርመናዊው ማክስ ኡሌ የመሳሰሉ ታላላቅ ሊቃውንት የፔሩ ሥልጣኔ ከማዕከላዊ አሜሪካ፣ ከማያዎች አገር የመጣ ነው ይሉ ነበር። ቴዮ ይህን አልተቀበለም። የአንዲስ ሕዝብ ሥልጣኔ ከራሱ ምድር የበቀለ ነው፤ ሥሩ ምሥራቃዊው ደን፣ እናቱም ቻቪን ናት ሲል ተከራከረ። ክርክሩ ስለ ድንጋይ ብቻ አልነበረም። በስፓኝ ገዥዎች ዘመን የተዋረደው ሕዝብ ልጅ «አባቶቼ የሠሩት የራሳቸውን ነው» ማለቱ ነበር።

ለመሆኑ የቻቪን ስልት እስከ የት ደረሰ? ከቻቪን ወደ ደቡብ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በፓራካስ አጠገብ ካርዋ በሚባል የባሕር ዳር መቃብር፣ በቻቪን ስልት ሥዕል የተሣለባቸው የጥጥ ጨርቆች ተገኝተዋል። በሰሜን በኩል በኩንቱር ዋሲ የጃፓን አርኬዎሎጂስቶች በ1989 ዓ.ም. ከዚሁ ስልት ጋር የሚዛመዱ የወርቅ ዘውዶች ከመቃብር አውጥተዋል። በኢካ ሸለቆም ሸክላ ሠሪዎች ባለ ክራንቻውን ፊት በእንስራቸው ላይ ይቀርጹት ነበር። አንድ የሥዕል ስልት በአጭር ዘመን እንዲህ በሰፊ አገር ላይ ሲታይ ሊቃውንት «አድማስ» ብለው ይጠሩታል።

ነገር ግን ቻቪን ጦር አዝምቶ አገር እንደ ያዘ የሚያስረዳ ምልክት አልተገኘም። ታዲያ ሥዕሉን ማን ወሰደው? መልሱ በካርዋ ጨርቅ ላይ ያለ ይመስለኛል። ድንጋይ ከተተከለበት አይነሣም፤ ጨርቅ ግን ተጠቅልሎ በትከሻ ወይም ላማ በሚባለው የጭነት እንስሳ ጀርባ ላይ ተራራ ይሻገራል። ተሳላሚውና ነጋዴው የድንጋዩን አምላክ በጨርቅ ተሸክመውት ሄዱ ማለት ነው።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ደግሞ ሥዕሉ ባሕር ዳር ሲደርስ መለወጡ ነው። በካርዋ ጨርቆች ላይ ሁለት በትር የምትጨብጠው ሴት ናት፤ ከአካሏም የጥጥ ተክል ፍሬ ይዞ ይታያል። ጥጥ የባሕር ዳሩ ሕዝብ ሀብት ነው። እንግዲህ የካርዋ ሰዎች የመጣላቸውን ሥዕል እንዳለ አልገለበጡትም፤ ለራሳቸው ኑሮ በሚስማማ አኳኋን የራሳቸው አደረጉት። በጦር የተገደደ ሰው እንደ ታዘዘ ይስላል፤ የወደደውን የተቀበለ ሰው ግን ከልቡ ይጨምርበታል።

የቴዮ አሳብም በኋላ ጊዜ መታረሙ አልቀረም። የጥንት ዕቃን ዕድሜ በራዲዮካርቦን መለካት ከተቻለ ወዲህ በባሕር ዳር ሸለቆዎች ከቻቪን የሚቀድሙ ብዙ ቤተ መቅደሶች እንዳሉ ታወቀ። ሩት ሻዲ የተባለችው የፔሩ አርኬዎሎጂስት ያስቆፈረችው ካራል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2600 ዓመት ገደማ የደመቀ ከተማ ነበር፤ በቻቪን የምናየው ዓይነት ወደ ምድር የተቆፈረ ክብ አደባባይም በዚያ አስቀድሞ ተሠርቶአል። ስለዚህ ቻቪን የሁሉ እናት ሳትሆን፣ ከባሕር ዳርም ከደጋም ከደንም የመጣውን ሰብስባ ያዋሐደች ናት። ይሁን እንጂ ቴዮ በዋናው ነገር አልተሳሳተም። ሥልጣኔው ከዚያው ምድር የበቀለ ነው።

ሁለቱ ጎረቤቶች

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። ያ ምስል ከሺህ ዓመት በኋላ፣ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በቲዋናኩ ምን ያደርጋል?

በ1549 ዓ.ም. ፔድሮ ሲዬሳ ዴ ሌዮን የሚባል የስፓኝ ወታደርና ታሪክ ጸሐፊ በቲቲካካ ሐይቅ አጠገብ ወዳለው ወደ ቲዋናኩ ፍርስራሽ ደረሰ። ያን ግዙፍ ድንጋይ አይቶ ተደነቀና የአገሩን ሰዎች ይህን የሠሩት ኢንካዎች ናቸውን ብሎ ጠየቃቸው። ሰዎቹ በጥያቄው ሳቁበት፤ ከኢንካዎች ብዙ ዘመን አስቀድሞ የተሠራ መሆኑንም ነገሩት። እኔም በተማሪዎቼ ፊት የደረሰብኝ ይኸው ስለሆነ ለሲዬሳ አዘንሁለት።

ቲዋናኩ በ3,850 ሜትር ከፍታ ላይ የተመሠረተ፣ ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከ500 እስከ 1000 ዓ.ም. ገደማ የገነነ ከተማ ነው። የፀሐይ በር ከአንድ ወጥ ድንጋይ ተፈልፍሎ የተሠራ ሲሆን ቁመቱ ሦስት ሜትር ያህል ነው። በመካከሉ ሁለት በትር የጨበጠው ምስል ቆሞአል። በግራና በቀኙ በሦስት ረድፍ የተሰለፉ 48 ባለ ክንፍ አጃቢዎች ወደ እርሱ ይሮጣሉ፤ 32ቱ የሰው ፊት፣ 16ቱ ኮንዶር የሚባለው የታላቁ አሞራ ራስ አላቸው።

ምስሉ ከቻቪን ወደ ቲዋናኩ በአንድ ጊዜ ዘሎ አልመጣም። በመካከሉ ከቲቲካካ ሐይቅ በስተ ሰሜን ፑካራ የሚባል ሥፍራ ነበረ። የፑካራ ሸክላ ሠሪዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጨረሻዎቹ መቶ ዓመታት በትር የያዘችና ላማ የምትስብ ሴት በሸክላቸው ላይ ይስሉ ነበር። እንግዲህ የቻቪን ቤተ መቅደስ ከተዘጋ በኋላ ምስሉ በሸማኔዎችና በሸክላ ሠሪዎች እጅ፣ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከመንደር ወደ መንደር እየተላለፈ ኖረ ማለት ነው። የጠፋ መንግሥት አገር አይይዝም፤ የተማረ እጅ ግን የተማረውን ለልጁ ያወርሳል።

ማክስ ኡሌ በ1896 ዓ.ም. በሊማ አጠገብ በፓቻካማክ ሲቆፍር ከኢንካዎች ሸክላ በታች ቲዋናኩን የሚመስል ሸክላ አገኘ። ታች ያለው የቀደመ፣ ላይ ያለው የኋላ መሆኑን በማስተዋሉ የፔሩን ጥንታዊ ዘመን በቅደም ተከተል ለመደርደር መሠረት ጣለ፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል። ይሁን እንጂ ከእርሱ በኋላ ብዙዎች «ሥዕሉ የቲዋናኩ ከሆነ አገሩን የያዘው ቲዋናኩ ነው» ብለው ደመደሙ። ይህ የእኔው መልስ ነው!

እውነቱ የታወቀው በፔሩ ደጋ በአያኩቾ አጠገብ የሚገኘው የዋሪ ፍርስራሽ ከተመረመረ በኋላ ነው። ቴዮ በ1942 ዓ.ም. በዋሪ አጠገብ በኮንቾፓታ ሲቆፍር ሆን ተብለው የተሰባበሩ ታላላቅ ጋኖች አወጣ፤ በጋኖቹም ላይ የፀሐይ በሩ አምላክ በልዩ ልዩ ቀለም ተሥሎ ተገኘ። በ1950 ዓ.ም. ዌንዴል ቤኔት የሚባለው አሜሪካዊ በራሱ በዋሪ ቆፈረ። ከዚህም ዋሪ የራሱ መንግሥትና የራሱ ዋና ከተማ እንደ ነበረው ተረዳ። በባሕር ዳር የተገኘው ሸክላ ምንጩ ቲዋናኩ ሳይሆን 700 ኪሎ ሜትር ያህል ከእርሱ የሚርቀው ዋሪ ነበር። ሁለቱ መንግሥታት አንዱ ሌላውን ሳይገዛ በአንድ ዘመን ኖረው አንዱን አምላክ በየስልታቸው ሣሉት።

በየስልታቸው ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ቲዋናኩ ምስሉን በድንጋይ ቀረጸው፤ ሰው ወደ እርሱ መጥቶ እንዲያየው አደረገ። ዋሪ ግን በጋንና በልብስ ላይ አኖረው፤ ወደ ሰው እንዲሄድ አደረገ። የዋሪ ሸማኔዎች በጥጥ ድር ላይ የላማ ዘመዶችን ጠጕር በማግ እያስገቡ የሠሩት እጅጌ አልባ ልብስ ከዓለም የሽመና ሥራ ሁሉ ከሚደነቁት አንዱ ነው። በልብሱ ላይ ባለ በትሮቹ አጃቢዎች በረድፍ ይታያሉ፤ ወደ ጎን እየተጠጉ ሲሄዱ ግን ሸማኔው አንዱን ወገን አጥብቦ ሌላውን ስላሰፋው፣ አስቀድሞ የማያውቀው ሰው አራት ማዕዘንና መስመር እንጂ ምስል መሆኑን አይለየውም።

ሁለቱ ጎረቤቶች ፊት ለፊት የተገናኙት በደቡብ ፔሩ በሞኬግዋ ሸለቆ ነው። ዋሪዎች ሴሮ ባውል በሚባለው ገደላማ አምባ አናት ላይ ከተማ ሠሩ፤ የቲዋናኩ ሰዎች ደግሞ ከዚያው ሸለቆ ዝቅ ብለው ያርሱ ነበር። ለዘመናት በአንድ ወንዝ ውኃ ተጎራብተው ኖሩ። በአምባው ላይ ቺቻ የሚባለው ጠላ መሰል መጠጥ የሚጠመቅበት ታላቅ ቤት ተገኝቷል፤ በውስጡም የሴቶች የነጠላ ማያያዣ መርፌዎች ስለ ተገኙ ጠማቂዎቹ ሴቶች እንደ ነበሩ ይታመናል። ወደ 1000 ዓ.ም. ገደማ ዋሪዎች አምባውን ለቀው ሲሄዱ የመጨረሻውን ጽዋ ጠጡ፤ ቤቱን አቃጠሉት፤ ዋንጫቸውንም በእሳቱ ላይ ወርውረው ሰበሩት።

በትእዛዝ የተዛመተው ስልት

የሥዕል ስልት በመንግሥት ትእዛዝ አይዛመትም ማለቴ እንዳልሆነ ይረዱልኝ። ኢንካዎች በ15ኛው መቶ ዓመት ከኩስኮ ተነሥተው ከኢኳዶር እስከ ቺሊ ሲገዙ ከ30,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው የመንገዳቸው መረብ የራሳቸውን ስልት አዳረሱ። አንገቱ ረጅም፣ ሥሩ ሹል የሆነው የኢንካ እንስራ በየጠቅላይ ግዛቱ በአንድ ዓይነት ቅርጽ ይገኛል። ቁምቢ የሚባለውን የክብር ልብስ የሚሠሩት ለመንግሥት የተለዩ ሸማኔዎች ነበሩ፤ ንጉሡም ታማኝነቱን ላሳየ ባላባት ይሸልመው ነበር። በዚህ ጊዜ ሥዕሉ በእርግጥ የግዛት ምልክት ነው።

ነገር ግን ልዩነቱን ይመልከቱ። የኢንካ እንስራ በየአገሩ አንድ ዓይነት ነው፤ የቻቪን አምላክ ግን በየአገሩ ይለያያል። የመንግሥት ትእዛዝ አንድ ዓይነትነትን ይወልዳል፤ እምነትና ጉርብትና ደግሞ መመሳሰልን ከልዩነት ጋር። ይህን ለይቶ ማየት የቻለ ሰው ከተሰበረ ገል ላይ ታሪክ ማንበብ ይችላል።

በ1532 ዓ.ም. ስፓኞች ንጉሡን አታዋልፓን በካሃማርካ ያዙት፤ ለቤዛው የተሰበሰበውንም ወርቅ በጥበብ እንደ ተሠራ እያዩ አቅልጠው ተካፈሉት። የአንዲስ ሰዎች ግን ከዚያም በኋላ በስፓኝ አገዛዝ ሥር ቄሮ በሚባለው የእንጨት ዋንጫ ላይ የአባቶቻቸውን ሥዕል መሣል አልተዉም።

ቻቪንንም ሌላ መከራ አግኝቷታል። በጥር ወር 1945 ዓ.ም. ከተራራው የወረደ የጭቃና የድንጋይ ጎርፍ ፍርስራሹን ቀበረው፤ ብዙ የተቀረጸ ድንጋይም ይዞ ሄደ። ቴዮ ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተ። አስቀድሞ በጄሶ ያስገለበጣቸው ቅርጾች ባይኖሩ ኖሮ ከነዚያ ድንጋዮች የአንዳንዶቹን መልክ ዛሬ ባላወቅን ነበር። በግንቡ ላይ ተሰክተው ከነበሩት የድንጋይ ራሶችም በጥንት ሥፍራው የቀረው አንዱ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ወደ ክፍሌ ገብቼ መሳሳቴን ለተማሪዎቼ ነገርኋቸው። «ሥዕል ከሥዕል መመሳሰሉ ሰዎቹ መገናኘታቸውን ያስረዳል፤ ማን ማንን እንደ ገዛ ግን ብቻውን አይናገርም» ብዬ በሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። ጥያቄውን ያነሣው ልጅ ዓረፍተ ነገሩን በደብተሩ ገለበጠና እንደ ገና እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ የቻቪን ሰዎች ያን አምላክ በስሙ ማን ብለው ይጠሩት ነበር?» አለኝ።

የአንዲስ ሕዝብ በፊደል የሚጻፍ ጽሕፈት ስላልነበረው ስሙ አልደረሰንም። የደረሰን ፊቱና ሁለቱ በትሮቹ ናቸው። ስሙን የሚያውቁት ሁሉ ካለፉ በኋላ እንኳ ምስሉን ከድንጋይ ወደ ጨርቅ፣ ከጨርቅ ወደ ሸክላ፣ ከሸክላም እንደ ገና ወደ ድንጋይ እያሻገሩ እስከ እኛ ያደረሱት ስማቸው ያልተጻፈ እጀ ብልሆች ናቸው። ለልጁ የመለስሁለት ይህንኑ ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን አልቸኮልሁም።